ጨብጥ ነው፣ ቂጥኝ ነው ወይስ ሌላ? ከላብራቶሪ መስኮት ጀርባ የተጻፈ የምርመራ መመሪያ

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከሰው ፊት ይልቅ የሰውን ብልቃጥ ሳይ ኖሬያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። መስኮቴ አንድ ክንድ አትሞላም፤ በእሷ በኩል ናሙና ይገባል፣ ውጤት ይወጣል። የአባላዘር ምርመራ የታዘዘለት ሰው ግን ገና ሰልፉ ላይ እያለ ይታወቀኛል። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ነው የሚያቀብለኝ። የወባ ወረቀት ማንም አያጥፍም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ በተገናኘ ማግስት ሮጦ ይመጣና “ነጻ ነህ” ተብሎ እፎይ ይላል። ሌላው መጀመሪያ ክኒን ይውጥና ካልተሻለው በኋላ ይመጣል። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ያመጣችሁለትን ብቻ ነው። ሳይደርስ ከመጣችሁም ሆነ ክኒን ውጣችሁ ከመጣችሁ፣ ወረቀቱ ላይ የምጽፈው “አልታየም” እውነት ቢሆንም አይጠቅማችሁም።

ሌላውን ከመምከሬ በፊት የራሴን ልናገር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ገና ከኮሌጅ ወጥቼ አንድ የወረዳ ከተማ ተመድቤ ነበር። አንድ ጓደኛዬን በዳርን ማታ ከአንዲት ልጅ ጋር አደርኩ፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ስሸና እሳት ሆነብኝ። የውስጥ ሱሪዬ ላይ ቢጫ ፈሳሽ አየሁ። ምን እንደሆነ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ተምሬዋለሁ፣ በሰው ናሙና ላይም አይቼዋለሁ። ግን የገዛ ባልደረቦቼ ማይክሮስኮፕ ሥር መግባት አፈርኩ። መድኃኒት ቤት ሄጄ “ለጓደኛዬ ነው” ብዬ አሞክሳሲሊን ገዛሁ። ሻጩም ፈገግ ብሎ “ጓደኛህ ውሃ በደንብ ይጠጣ” አለኝ። ሦስት ቀን ዋጥኩ፣ ፈሳሹ ቀነሰ፣ ቀሪውን ካፕሱል መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ ቆለጤ አብጦ እግሬን ከፍቼ መሄድ ጀመርኩ። ያኔ ናሙና ብሰጥም ምንም አልታየበትም። ግማሽ መድኃኒት ባክቴሪያውን ከማይክሮስኮፑ ደበቀው እንጂ ከእኔ አላወጣውም።

በሽታዎቹን በሚሰጡት ምልክት ከፍዬ ልንገራችሁ፤ ጤና ባለሙያውም የሚያስበው እንደዚያ ነው።

ፈሳሽና ማቃጠል። ወንድ ከሆናችሁ፣ ከግንኙነት በኋላ ባሉት 2–7 ቀናት ወፍራም ቢጫ ወይም ነጭ መግል ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨብጥ ነው። ፈሳሹ ቀጭን ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ጠብ የሚል ከሆነና ከ1–3 ሳምንት ዘግይቶ ከመጣ ወደ ክላሚዲያ ያደላል። ሁለቱ አብረው መምጣት ስለሚወዱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ነው የሚታከሙት። ጨብጥን በዓይኔ ስለማየው ልግለጽላችሁ። ፈሳሹን መስታወት ላይ ቀብቼ፣ በእሳት አለፍ አለፍ አድርጌ፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ በመጨረሻም ቀይ ቀለም አፈስበታለሁ። ዘይት ጠብ አድርጌ በትልቁ ሌንስ ስመለከት፣ በነጭ የደም ሴሎች ሆድ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠቀጠቁ ሮዝ ነጥቦች ይታያሉ። የተከካ ቡና ሁለቱን ፍሬ በጠፍጣፋ ጎናቸው ፊት ለፊት ብታስቀምጧቸው ልክ እነሱን ይመስላሉ። ምልክት ባለው ወንድ ላይ ይህ ከታየ ነገሩ አለቀ፤ ጨብጥ ነው።

በሴት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከማህፀን ጫፍ በተወሰደ ናሙና በዚህ ዘዴ ግማሽ ያህሉ ሊያመልጠን ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ክላሚዲያም ሆነ ጨብጥ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም። ባል መግል አይቶ ሲታከም ሚስት “እኔ ምንም የለኝም” ብላ የምትቀረው በዚህ የተነሳ ነው። ጨብጥ ከታች ወደ ላይ ወጥቶ የማህፀን ቱቦን ሲዘጋ አይጮህም። ከዓመታት በኋላ “ለምን አላረገዝኩም” ተብሎ ሲጠየቅ ነው የሚታወቀው።

የሴት ፈሳሽ ሁሉ የአባላዘር በሽታ አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ትዳር በከንቱ ይታመሳል። እንደ እርጎ የተቆራረጠ፣ ሽታ የሌለውና የሚያሳክክ ፈሳሽ ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላም፣ በእርግዝናም ይመጣል። ግራጫ፣ ቀጭን፣ ከግንኙነት በኋላ የዓሣ ሽታ የሚሸት ከሆነ በብልት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት ነው። አረፋ ያለው አረንጓዴ ቢጫ ከሆነ ግን ትሪኮሞናስ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ጠርጥሩ፤ እሱ በግንኙነት የሚተላለፍ ነው። ትሪኮሞናስን የምለየው በእንቅስቃሴው ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ይሄዳል። ናሙናው ግማሽ ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆይቶ ከቀዘቀዘ መንቀሳቀሱን ያቆምና ነጭ የደም ሴል መስሎ ያልፈኛል። ስለዚህ ናሙናውን ከሰጧችሁ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ይዛችሁ ኑ፤ መንገድ ላይ ሻይ ልጠጣ አትበሉ።

ቁስል። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ “ያማል ወይስ አያምም?” የሚለው ነው። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አያምም። ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ጠርዙ ጠንከር ያለ፣ ንጹሕ፣ ከግንኙነት በኋላ ሦስት ሳምንት አካባቢ የሚወጣ፣ አንዳንዴም እስከ 90 ቀን የሚዘገይ ነው። ተንኮሉ ግን ሳይታከም ራሱ መዳኑ ነው። ከ3–6 ሳምንት ውስጥ ይደርቃል። ጠበል የተጠመቀው በጠበሉ፣ ቅጠል የቀባው በቅጠሉ፣ ምንም ያላደረገው “ሙቀት ነበር” ብሎ ዳንኩ ይላል። በሽታው ግን ወደ ደም ገብቷል። ከሳምንታት በኋላ በሰውነት ላይ፣ በተለይም በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ የማያሳክክ ሽፍታ ይዞ ይመለሳል። መዳፍ ላይ ሽፍታ ያለበት ሰው ሲመጣ እኛ ላብራቶሪ ያለነው እንኳ እርስ በርስ እንተያያለን። ያም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዝም ብሎ፣ በጥቂቶች ላይ ልብን፣ አንጎልን፣ ዓይንን ይነካል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

የሚያም፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ሲነካ የሚደማ ቁስል ከሆነ በእኛ አገር ከርክር የምንለው ነው፤ ብዙ ጊዜ የብሽሽት እብጠት ይከተለዋል። እብጠቱን ብዙ ሰው ባምቡሌ ይለዋል፤ ባምቡሌ ከሌሎች በሽታዎችም ይመጣል። በምንም ዓይነት በምላጭ አታስበጡት። ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ፣ በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ፣ የሚያቃጥሉና እየተመላለሱ የሚወጡ ከሆኑ ሄርፒስ ናቸው። ከንፈር ላይ ሲወጣ “ምች መታኝ” ብለን ዳማከሴ የምናሽበትም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ምቹ አፍ ላይ እያለ በአፍ የሚደረግ ግንኙነት ወደ ብልት ያስተላልፈዋል። አልማዝ ባለጭራ ግን ሌላ ነው፣ በግንኙነት አይመጣም። ሄርፒስ ከሰውነት ጨርሶ የሚያወጣው መድኃኒት የለም፤ አሳይክሎቪር በቶሎ ከተጀመረ ያሳጥረዋል፣ ሕመሙንም ያስታግሳል።

ኪንታሮት። ይህ ቃል ስንቱን አሳስቷል! ፊንጢጣ ላይ የሚያብጠው የደም ሥርም ኪንታሮት፣ ብልት ላይ እንደ አበባ ጎመን የሚበቅለውም ኪንታሮት ይባላል። የኋለኛው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው የሚመጣው። የደም ምርመራ የለውም፤ ባለሙያ በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል። የማህፀን ጫፍ ካንሰር የሚያመጡት የኤችፒቪ ዓይነቶች ግን ሌሎች ናቸው፣ ኪንታሮትም አያወጡም። ስለዚህ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ሴቶች ኪንታሮት ኖራችሁም አልኖራችሁም የማህፀን ጫፍ ቅድመ ካንሰር ምርመራ ጠይቁ። በብዙ ቦታ እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ ቀብቶ ማየት ነው፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል።

ከዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጡ ለዓመታት የሚቆዩት ሁለቱ አሉ፤ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ቢ። ለነሱ ከምርመራ ሌላ መንገድ የለም። የጉበት ቢ ክትባት በሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም። ተመርምራችሁ ነጻ ከሆናችሁ ሦስቱን ዙር ተከተቡ፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ።

አሁን ምርመራውን ከመናገሬ በፊት፣ ሰልፍ የማይጠብቁትን ልለይ። ከታች ሆዷን የሚያማት፣ ትኩሳት ያላት ሴት፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የወር አበባዋ ከቀረ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ። ቆለጡ ድንገት በከባድ ሕመም ያበጠ ወጣትም እንዲሁ፤ ጨብጥ ሳይሆን ተጠማዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ካልተፈታ ቆለጡ ይሞታል። የተደፈረች ወይም የተደፈረ ሰው ከ72 ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ያሉ ሆስፒታሎች ለተደፈሩ ሰዎች ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጥ ክፍል አላቸው። ሰውነትን ሳይታጠቡ፣ ልብስን ሳያጥቡ መሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ ከታጠቡም ግን መሄድ አይቅር።

ቀን ቆጠራው እንዲህ ነው። ፈሳሽ ወይም ቁስል ካለ ምንም አትቁጠሩ፣ በዚያው ቀን ኑ። ምልክት ከሌለና ሥጋት ብቻ ካለ፣ ለጨብጥና ለክላሚዲያ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ኤችአይቪ ብዙ ሰው ላይ በጣት ደም ምርመራ ከ3–4 ሳምንት ይታያል፤ ልብን የሚያሳርፈው ግን የሦስተኛው ወር ውጤት ነው። ቂጥኝና ጉበት ቢም በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር ቢታዩ ጥሩ ነው። ቁስሉ ገና ትናንት የወጣ ከሆነ የቂጥኝ ደም ምርመራ ነጻ ሊል ይችላል፤ ያኔ ባለሙያው በቁስሉ ብቻ ሊያክማችሁ ይችላል፣ ትክክልም ነው።

ዝግጅት ብዙ የለውም። በባዶ ሆድ አትምጡ፤ ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም፣ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰው ደም ስቀዳ ይወድቅብኛል። ወንዶች ከመምጣታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ሽንት አትሽኑ፤ ሽንቱ ፈሳሹን አጥቦት ይሄዳል። ሴቶች ወደ ውስጥ በውሃም በሎሚም በምንም አትታጠቡ (ይህን ከምርመራው በኋላም ብትተዉት ደስ ይለኛል)። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ የጎረቤት የሰጣችሁንም ቢሆን፣ ባዶ ማሸጊያውን በኪሳችሁ ይዛችሁ ኑ።

ካርድ ክፍል ምክንያት ማብራራት የለባችሁም፤ “ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ” ይበቃል። ውስጥ ገብታችሁ ግን “ትንሽ ሽንቴን ያቃጥለኛል” ብላችሁ አትሸፋፍኑ። እንዲህ ብለው የሽንት ኢንፌክሽን መድኃኒት ይዘው የሚሄዱ አሉ፤ የሚሰጣቸው ሲፕሮ ደግሞ ጨብጥ ከለመደው ቆይቷል። “የአባላዘር በሽታ ያዘኝ ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ግንኙነት ያደረግሁት በዚህ ቀን ነው፣ ኮንዶም አልነበረም” በሉ። በአፍ ወይም በፊንጢጣ ከሆነም ተናገሩ፤ ጨብጥ ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያሳይ ይቀመጣል፣ የሽንት ምርመራም አያገኘውም። “ትኩስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው”፣ “ጨረቃ ላይ ሸንቼ ነው” የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ድንጋዩ ንጹሕ ነው።

ብዙ ጤና ጣቢያዎች ፈሳሽም ቁስልም ሲያዩ ላብራቶሪ ሳይጠብቁ በምልክቱ ነው የሚያክሙት። “ሳይመረምረኝ መድኃኒት ሰጠኝ” ብላችሁ አትናደዱ፤ የታወቀ አሠራር ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ብልቃጥ ውስጥ ሽንት ሰጥታ ጨብጥና ክላሚዲያን በዘረመል ምርመራ አይተውላት፣ “እናንተ ለምን አታደርጉም?” ትለኛለች። ማሽኑን እናውቀዋለን፤ እኛ ዘንድ በአብዛኛው ቲቢ ሲመረምር ነው የሚውለው። በውጭ አገር ያላችሁ ግን እድሉ ስላላችሁ ጠይቁ፤ ለእሱ የሚፈለገው የመጀመሪያው የሽንት ጅረት ነው፣ መሐሉ አይደለም። እኛ ዘንድ በምልክት መታከሙ ችግሩ ምልክት ለሌለው ሰው አለመሥራቱ ነው፤ ስለዚህ ምልክት ባይኖራችሁም የደም ምርመራዎቹን፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ጉበት ቢን፣ ራሳችሁ ጠይቁ።

ወረቀቱን ስትቀበሉ እንዴት ታነቡታላችሁ? ለቂጥኝ ነጭ ካርድ ላይ ያለች ክብ ውስጥ የደማችሁን ውሃ ጠብ አድርጌ፣ ከሰል ያለበት ፈሳሽ ጨምሬበት ስምንት ደቂቃ አሽከረክረዋለሁ። ነጻ ከሆነ ለስላሳ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ቂጥኝ ካለ ግን እንደ ቡና አተላ ጥቁር ጥቁር ሆኖ ይጓጉላል፣ “ሪአክቲቭ” ብዬ እጽፋለሁ። ከጎኑ 1፡8 ወይም 1፡32 የሚል ቁጥር ካለ አትጣሉት፤ ከሕክምና በኋላ መዳናችሁ የሚታወቀው ቁጥሩ ሲወርድ ነው፣ ለምሳሌ ከ1፡32 ወደ 1፡8። ዝቅተኛ ቁጥር አንዳንዴ በእርግዝናም በሌላ በሽታም ስለሚመጣ በሌላ ዓይነት ምርመራ ይረጋገጣል።

አንዲት ልጅ ለሳዑዲ ጉዞ ሜዲካል ገብታ ቂጥኝ ተገኘብሽ ተብላ እያለቀሰች መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት በእርግዝና ክትትል ተገኝቶባት ሦስት ሳምንት በተከታታይ ፔኒሲሊን ተወግታ ነበር። በፈጣኑ ኪት የሚሠራው ምርመራ ከዳኑም በኋላ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ “አለ” ይላል። የቆየ ካርዷን አስፈልገን ስናገኝ የያኔው 1፡16 ነበር፤ አሁን በከሰሉ ሠራሁት፣ ምንም አልጓጎለም። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ እንደገና ትወጋ ነበር። የታከማችሁበትን ወረቀት ከልደት ካርድ ጋር አስቀምጡት።

የኤችአይቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። አንድ ኪት “አለ” ብሎ ብቻ ውጤት አይነገርም፤ በሌሎች ኪቶች ተረጋግጦ ነው። ቤት ውስጥ በድድ የሚሠራውን ከተጠቀማችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ ያለውን ደግሞ አታንብቡ፤ “አለ” ካለ መጥታችሁ በደም ይረጋገጥ። ካለባችሁም መድኃኒቱ በዚያው ቀን ሊጀመር ይችላል፤ በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በደም ውስጥ የማይታይ ደረጃ የደረሰለት ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም።

መድኃኒቱን ከጀመራችሁ ጨርሱት፤ ዶክሲሳይክሊን ለሰባት ቀን ከታዘዘ ሰባት ቀን ነው፣ የእኔን መሳቢያ አስታውሱ። የጨብጥ መርፌ አንድ ጊዜ ብትወጉም ለሰባት ቀን ከግንኙነት ታቀቡ፤ አጋራችሁ ሳይታከም ደግሞ ሰባቱ ቀን ትርጉም የለውም። ቢያንስ ባለፉት ሁለት ወራት የተገናኛችኋቸው ሁሉ መታየት አለባቸው። መናገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ያችን ልጅ ስልክ ደውዬ ሦስት ጊዜ ዘጋሁባት። በአራተኛው “አንድ ነገር ተገኝቶብኛል፣ አንቺም ብትታዪ ይሻላል፣ ስምሽን ለማንም አልሰጠሁም” አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንደበት ካጠራችሁ ሐኪሙን የአጋር ካርድ ጠይቁት፤ ካርዱን ይዞ የመጣ ሰው ማብራራት ሳያስፈልገው ይታከማል።

ምልክቱ በሰባት ቀን ካልጠፋ ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሱ። የቂጥኝ ቁጥር በስድስተኛው ወርና በዓመቱ ይታያል። የሚቻላችሁ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ኑ፤ ከሰዓት በኋላ የመጣ ናሙና ለነገ ሊያድር ይችላል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ እኔም እናንተም ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ነው የምንጠብቀው።